ቆላስይስ 2፥8 ፍልስፍናን ይከለክላል?

ጠያቂው

ሰላም ለሁላችሁ። ክርስቲያን ፍልስፍና ይማር አይማር የሚል ክርክር በተነሣ ቁጥር አንድ ጥቅስ ይወረወራል፦ «በፍልስፍና በከንቱም መታለል ማንም እንዳይማርካችሁ ተጠበቁ»። ከዚያ ወዲያ የሚናገር የለም፤ ክርክሩ ያልቃል። እኔ የማልረዳው ቁጥሩ ፍልስፍናን በጅምላ ያወግዝ ወይም የታወቀ አንድ ትምህርት ላይ ያነጣጥር እንደሆነ ነው። ደግሞ «እገሌ እንዲህ ብሏል» ከምትሉኝ አነባበቡን ብታሳዩኝ እመርጣለሁ፤ ሌላ ጥቅስ ሲገጥመኝ ራሴ እንድወጣው።

የኔታ ብራና

አነባበቡን ስለ ጠየቅህ ጥቅሱን ለጊዜው ተወውና ከመልእክቱ ጀምር። ቆላስይስ 4 ምዕራፍ፣ 95 ቁጥር ነው። ድምፅህን ከፍ አድርገህ ብታነበው ከሩብ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ምዕራፉ የተከፋፈለው በ13ኛው መቶ ዘመን ነው፤ የአዲስ ኪዳንን ቁጥሮች ደግሞ ሮበርት ኤስቲየን የተባለው አታሚ በ1551 እ.ኤ.አ. አወጣቸው። ጳውሎስ «ቁጥር 8» የሚባል ነገር አልጻፈም። ስለዚህ ምዕራፍ 2ን የቁጥር ምልክቶቹን እየተውህ በአንድ ወረቀት በእጅህ ገልብጠው። በእጅ መጻፍ ያዘገያል፤ የሚፈለገውም እሱ ነው።

አሁን ወደ ቃላቱ። «እንዳይማርካችሁ» የሚለውን የዛሬ ጆሮ «እንዳይስባችሁ» ብሎ ይሰማዋል፤ ማራኪ መልክ፣ ማራኪ ድምፅ ማለት ስለ ለመድን። ቃሉ ግን የጦር ሜዳ ነው፤ ምርኮ። የግሪኩ ሲላጎጌኦ ዘርፎ መንዳት ማለት ሲሆን በአዲስ ኪዳን ከዚህ ሌላ ቦታ አይገኝም። የጳውሎስ ሥጋት ፍልስፍና ዓይን መሳቡ ሳይሆን ሰው ተማርኮ መነዳቱ ነው።

ቀጥሎ «በ» የምትለውን እያት። አማርኛው «በፍልስፍና በከንቱም መታለል» ብሎ ስለ ደገማት ሁለት የተለያዩ አደጋዎች ይመስላሉ። በግሪኩ መስተዋድዱ አንድ ጊዜ ብቻ ተጽፎ ሁለቱን ስሞች አብሮ ይገዛል፤ «ከንቱ መታለል የሆነው ፍልስፍና» ወደሚለው ያዘነብላል።

ከዚያ ሦስቱን «እንደ»ዎች አስምርባቸው፦ እንደ ሰው ወግ፣ እንደ ዓለም መጀመሪያ ትምህርት፣ እንደ ክርስቶስ ሳይሆን። የቁጥሩ ሚዛን ያለው እዚህ ነው። «የመጀመሪያ ትምህርት» የተባለው ስቶይኬያ በአዲስ ኪዳን 7 ጊዜ ይገኛል፦ ገላትያ 4፥3 እና 4፥9፣ ቆላስይስ 2፥8 እና 2፥20፣ ዕብራውያን 5፥12፣ 2ኛ ጴጥሮስ 3፥10 እና 3፥12። በዕብራውያን የትምህርት ሀሁ ነው፤ በጴጥሮስ በእሳት የሚቀልጥ የፍጥረት መሠረት ነው። በቆላስይስ የትኛው እንደሆነ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ አልተስማሙበትም፤ «ግልጽ ነው» የሚልህን ሰው ጠርጥረው።

ደግሞ ቁጥር 8 ላይ አታቁም፤ ቁጥር 9ን ጨምር። «በእርሱ የመለኮት ሙላት ሁሉ በሰውነት ተገልጦ ይኖራልና» ይላል። መጨረሻ ላይ ያለችው «ና» «እና» አይደለችም፤ ምክንያት አቅራቢ ናት። የማስጠንቀቂያው ምክንያት ቁጥር 9 ነው፤ ቁጥር 8ን ብቻውን የሚጠቅስ ሰው ትእዛዙን ይዞ ምክንያቱን ጥሎ ይሄዳል።

በመጨረሻ ትምህርቱ ምን ይመስል እንደነበር ከቁጥር 16 እስከ 23 ታገኘዋለህ፦ መብል፣ መጠጥ፣ በዓል፣ ወር መባቻ፣ ሰንበት፣ የመላእክት አምልኮ፣ «አትያዝ፥ አትቅመስ፥ አትንካ»። የአርስቶትል መጻሕፍት ማውጫ ይመስልሃል?

ቀለም ቀመስ

ነገሩ ከዚህም ይቀላል እኮ። ፍልስፍና የግሪክ ቃል ነው፤ ፊሎ መውደድ፣ ሶፊያ ጥበብ። ጥበብን መውደድ ደግሞ መጽሐፈ ምሳሌ ራሱ የሚያዝዘው ነው። ስለዚህ ጳውሎስ ሊከለክለው አይችልም።

ሰዋስው ወዳድ

ወንድሜ፣ መደምደሚያህን ብስማማበትም መንገዱ አያደርስህም። የቃል ትርጉም ከሥሩ አይወሰድም፤ በዘመኑ ሰዎች ሲናገሩት ምን ማለታቸው እንደነበር ነው የሚጠየቀው። «ቤተሰብ» ቤትና ሰብ ነውና ከቤት የወጣ ልጅ ቤተሰብ አይደለም እንደ ማለት ይሆንብሃል።

የዘመኑን አጠቃቀም ከፈለግህ ዮሴፍ ወልደ ኮርዮን ሳይሆን የ1ኛው መቶ ዘመን አይሁዳዊ ታሪክ ጸሐፊ ፍላቪየስ ዮሴፍን እይ (ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይምታታሉ)። ፈሪሳውያንን፣ ሰዱቃውያንንና ኤሴናውያንን የአይሁድ ፍልስፍናዎች ይላቸዋል። ያኔ ቃሉ ሥርዓት ያለውን የሃይማኖት ኑሮም ይሸፍን ነበር። ስለ ሰንበትና ስለ መብል የሚያዝ ትምህርት «ፍልስፍና» ቢባል የቆላስይስ አንባቢ አይደነግጥም።

የኔታ፣ በእርስዎም ላይ አንዲት ነገር ልጨምር። አንድ መስተዋድድ ሁለት ስሞችን መግዛቱ ያቀራርባቸዋል እንጂ አንድ ናቸው ብሎ አያስገድድም። «ፍልስፍና» ላይ ያለውን መስተአምርም (እንደ እንግሊዝኛው «the» ያለውን) «ያ የታወቀው» ብለው የሚተረጉሙት አሉ፤ ግሪክ ግን በረቂቅ ስሞች ላይ መስተአምር እንዲሁ በልማድ ይጨምራል። ክብደቱን ሁሉ ሰዋስው ላይ ባንጭነው ይሻላል።

የኔታ ብራና

ልክ ነህ፤ «ያዘነብላል» ያልሁትም ለዚያ ነው። ሰዋስው በሩን ይከፍታል፤ የሚያስገባህ ከቁጥር 16 እስከ 23 ያለው ዐውድ ነው።

ጽኑ ዓምድ

ሁላችሁም ለፍልስፍና ጥብቅና የቆማችሁ ትመስላላችሁ። 1ኛ ቆሮንቶስ 1፥20ን ምን ልታደርጉት ነው? እግዚአብሔር የዚችን ዓለም ጥበብ ሞኝነት አድርጎታል ይላል። የሰሜን አፍሪካው የቤተ ክርስቲያን ጸሐፊ ጠርጡሊያኖስም በ200 እ.ኤ.አ. አካባቢ ይህንኑ የቆላስይስ ቃል ጠቅሶ «አቴና ከኢየሩሳሌም ጋር ምን አላት?» ሲል ጠይቋል። መናፍቃን ስንቃቸውን ከፈላስፎች ነው የሚሸከሙት ብሎ ነበር፤ አልተሳሳተም።

ሚዛን

ጽኑ ዓምድ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። ግን ጠርጡሊያኖስን ሙሉውን እንውሰደው። ስለ ነፍስ በጻፈው መጽሐፍ ነፍስ አካል አላት ብሎ ሲከራከር የሚደገፈው ኢስጦኢኮች በሚባሉት ፈላስፎች ላይ ነው፤ ከእነርሱ አንዱን ሴኔካንም «ብዙ ጊዜ የእኛ ነው» ይለዋል። አቴናን በፊት በር አስወጥቶ በጓሮ ያስገባት እሱ ራሱ ነው። ፍልስፍና የለኝም የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ያልመረመረው ፍልስፍና አለው፤ እኔን የሚያሰጋኝ ይሄኛው ነው።

ስለ 1ኛ ቆሮንቶስ፦ ከ1፥12 ጀምረህ አንብብ። «እኔ የጳውሎስ፣ እኔ የአጵሎስ» የሚል ቡድንተኝነት ነው የተነሣው፤ ጥበብ የተባለውም ለመኩራሪያ የዋለውን ነው። 2፥6 ላይ ደግሞ «በበሰሉት መካከል ግን ጥበብን እንናገራለን» ይላል። የዓለምን ጥበብ ሞኝነት ያለው ጳውሎስ ራሱ ጥበብን እንናገራለን ካለ ሁለት ዓይነት ጥበብ አለ ማለት ነው።

የጳውሎስን አሠራር ማየት ከፈለግህ ሐዋርያት ሥራ 17ን ውሰድ። «ፈላስፎች» የሚለው ቃል በአዲስ ኪዳን የሚገኘው እዚያ ቁጥር 18 ላይ ብቻ ነው፤ ኤፊቆሮሳውያንና ኢስጦኢኮች። ኤፊቆሮሳውያን አማልክት ምንም አይጎድላቸውም፣ የሰውም ጉዳይ አያገባቸውም፣ ነፍስም ሥጋ ሲሞት ትበተናለች ይላሉ። ኢስጦኢኮች አምላክ በዓለም ሁሉ ውስጥ የተሠራጨ እሳት መሰል እስትንፋስ ነው ይላሉ። አሁን ንግግሩን ተከተል። ቁጥር 25 «እግዚአብሔር ምንም አይጎድለውም» ሲል ኤፊቆሮሳዊው ራሱን ይነቀንቃል። ቁጥር 28 «እኛ ደግሞ ዘመዶቹ ነንና» ሲል ኢስጦኢኩ ደስ ይለዋል፤ ቃሉ የባለ ቅኔው አራጦስ ነው፣ የተጻፈውም ስለ ግሪኮች አምላክ ስለ ዜውስ ነበር። ቁጥር 24 ግን አምላክ ዓለሙን የፈጠረ እንጂ ከዓለሙ ጋር አንድ አይደለም ብሎ ኢስጦኢኩን፣ ቁጥር 27 ከእያንዳንዳችን የራቀ አይደለም ብሎ ኤፊቆሮሳዊውን አስቀድሞ ይዟቸዋል። ቁጥር 31 ላይ ፍርድና ትንሣኤ ሲመጣ ከሁለቱም ይለያል፤ ሳቁም የመጣው ያኔ ነው።

እንግዲህ ከዚህ የሚወሰደው ለአንባቢ ይጠቅማል፦ የፈላስፋ ቃል ሲጠቀስ ሦስት ነገር ጠይቅ። ቃሉ በባለቤቱ አፍ ምን ማለት ነበር? ጠቃሹ የቱን ያህሉን ተቀበለ? የተለየውስ የት ላይ ነው? ሦስተኛውን የሚዘልል ሰው ነው የሚማረከው።

ፊደል ቆጣሪ

የሐዋርያት ሥራ 17ን እንደ ስብከት ብቻ ነበር የሚያነቡት ብዙዎች፤ እንዲህ በሁለት ዓይነት ሰሚ ከፍለው ሲያሳዩት ሌላ ነው። ሚዛን፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ጳውሎስ ራሱ ሎጂክ ይጠቀማል ወይስ ይህ እኛ የምናለብሰው ነው?

ሚዛን

እህቴ፣ 1ኛ ቆሮንቶስ 15ን ክፈቺና ቁጥር 13ን ድምፅሽን አውጥተሽ አንብቢው፦ «ትንሣኤ ሙታንስ ከሌለ ክርስቶስ አልተነሣማ»። ያቺን «ማ» ሰማሻት? «አልተነሣም» ቢል ዜና ነበር፤ «አልተነሣማ» ሲል «ካልህማ ይህን መቀበልህ አይቀርም» ማለቱ ነው። የአማርኛው ተርጓሚ ሙሉ ሙግቱን በአንድ ፊደል ይዞታል።

ሙግቱ ሲዘረጋ እንዲህ ነው።

ሀ. ሙታን የማይነሡ ከሆነ ክርስቶስም አልተነሣም (ቁጥር 13 እና 16)።
ለ. ክርስቶስ ግን ተነሥቷል (ቁጥር 20)።
ሐ. ስለዚህ «ሙታን አይነሡም» የሚለው ሐሰት ነው።

ይህ ቅርጽ ትክክል ነው፦ «ይህ ከሆነ ያ ይሆናል፤ ያ አልሆነም፤ ስለዚህ ይህም አይደለም»። ሰው የሚሳሳተው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው «ሀ»ን ሲገለብጠው ነው፤ «ሙታን የሚነሡ ከሆነ ክርስቶስ ተነሥቷል» ብሎ። ያ ከ«ሀ» አይወጣም፣ ጳውሎስም አላለውም። ሁለተኛው፣ በስብከት ላይ በጣም የተለመደው፣ ከቁጥር 14 እስከ 19 ያለውን ብቻ ወስዶ «ክርስቶስ ካልተነሣ እምነታችን ከንቱ ይሆናል፣ ያንቀላፉትም ጠፍተዋል፣ ይህ ደግሞ አስፈሪ ነው፣ ስለዚህ ተነሥቷል» ማለት ነው። የሚያስፈራ ነገር ስለሚያስፈራ ሐሰት አይሆንም። ጳውሎስ «ለ»ን ያቆመው በፍርሃት ሳይሆን በምስክር ነው፤ ከቁጥር 5 እስከ 8 ኬፋን፣ አሥራ ሁለቱን፣ ከ500 የሚበዙ ወንድሞችን፣ ያዕቆብን፣ ሐዋርያትን ሁሉ፣ በመጨረሻም ራሱን ይቆጥራል፤ ከ500ዎቹም የሚበዙት እስከ አሁን አሉ ይላል። ሄዳችሁ ጠይቁ እንደ ማለት ነው።

ጽኑ ዓምድ

መልካም፤ መሣሪያነቱን ልቀበል። ግን ማመን ከማወቅ ይቀድማል። ኢሳይያስ 7፥9፣ «ካላመናችሁ አታስተውሉም»። የመካከለኛው ዘመን ሊቅ አንሰልምም «አውቅ ዘንድ አምናለሁ» ያለው በዚህ ላይ ቆሞ ነው። ፍልስፍና ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል።

የኔታ ብራና

ጽኑ ዓምድ፣ ደግ ቦታ ነክተሃል፤ አንድ ነገር ግን አስተካክል። መጽሐፍ ቅዱስህን ብትከፍት የምታገኘው «ባታምኑ አትጸኑም» ነው። «አታስተውሉም» የሚለው የሰባው ሊቃናት የግሪክ ትርጉም ንባብ ነው፤ ወደ ጥንቱ ላቲን የገባውም ከዚያ ነው። አውግስጢኖስ ሁለቱንም ንባብ ያውቅ ነበር፤ አንዱን ጥሎ ሌላውን ከመያዝ ይልቅ ከሁለቱም ትምህርት ይወጣል ብሏል። ዕብራይስጡ በአንድ ሥር ሁለት ጊዜ ይጫወታል፤ «ታአሚኑ» እና «ቴአሜኑ»፣ ማመንና መጽናት። የኛም ማመን፣ መታመን፣ ታማኝ፣ ሃይማኖት፣ አሜን ሁሉ የዚያው ሥር ቅርንጫፎች ናቸው። የይሁዳ ንጉሥ አካዝ በዚያ ቀን የተጠየቀው አንድ ሐሳብ እንዲቀበል ሳይሆን ሁለት ነገሥታት ሲዘምቱበት እንዳይነቃነቅ ነው።

ይህ ለጥያቄህ መልስ አለው። የተሐድሶ ዘመን የነገረ መለኮት ሊቃውንት እምነትን በሦስት ይከፍሉት ነበር፦ ማወቅ፣ እውነት ነው ብሎ መቀበል፣ መታመን። ያዕቆብ 2፥19 ላይ አጋንንት «ያምናሉ ይንቀጠቀጡማል»፤ ሁለቱ አላቸው፣ ሦስተኛው የላቸውም። ፍልስፍና ቢበዛ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ላይ ይሠራል። የመካከለኛው ዘመን ሊቅ ቶማስ አኲናስም ይህን ወሰን አኑሯል፤ የእግዚአብሔር መኖር በአእምሮ ሊረጋገጥ ይችላል፣ ሥላሴ ግን በአእምሮ ብቻ አይደረስበትም ብሎ። ሦስተኛውን በሙግት አስገኛለሁ የሚል መምህር ተማሪውን ያደክማል፤ ሁለቱን አያስፈልጉም የሚል ደግሞ የሚታመኑበትን ሳያውቁ የሚታመኑ ሰዎችን ያፈራል።

ቀለም ቀመስ

እንዲህ ሁሉንም በሰዋስውና በሎጂክ ማንበብ ግን ያደርቃል። «ንባብ ይገድላል ትርጓሜ ያድናል» ይባል የለ?

ሰዋስው ወዳድ

ይባላል፤ ግን የተወሰደበትን 2ኛ ቆሮንቶስ 3፥6ን አንብበው። «ፊደል ይገድላል መንፈስ ግን ሕይወትን ይሰጣል»። ፊደል የተባለው ምን እንደሆነ ቁጥር 3 እና 7 ይነግሩሃል፤ በድንጋይ ላይ የተቀረጸው ሕግ ነው። ቀጥተኛ ንባብና ምሥጢራዊ ትርጓሜ ስለሚባሉ ነገሮች አይናገርም። አባባሉ እንደ አባባል ጥሩ ነው፤ ንባቡን ላለማንበብ ፈቃድ አድርጎ መውሰድ ግን ጥራዝ ነጠቅነት ነው።

ትርጓሜ የሚወዱት ራሳቸው ከንባብ ነው የሚነሡት። የጥንቱ መነኩሴ ዮሐንስ ካስያን ኢየሩሳሌምን በአራት ያያታል፦ በታሪክ የአይሁድ ከተማ፣ በምሳሌ ቤተ ክርስቲያን፣ በምግባር የሰው ነፍስ፣ በተስፋ ሰማያዊት ከተማ። የመጀመሪያዋ ከሌለች ሦስቱ የሚቆሙበት መሬት የላቸውም። የአንድምታ መምህርም «አንድም» ከማለቱ በፊት ግእዙን በነጠላ ይተረጉማል። «አንድም» የሚል ሰው አንዱን አስቀድሞ ተናግሯል ማለት ነው።

ጠያቂው

እግዜር ይስጥልኝ። የኔታ፣ አሁን ቢያሳጥሩልኝ፤ አንድ ጥቅስ ሲገጥመኝ ምን ላድርግ?

የኔታ ብራና

መልእክቱን ሦስት ጊዜ አንብብ፤ በሦስት የተለያዩ ቀኖች፣ በየቀኑ በአንድ መቀመጫ። መጀመሪያ ዝም ብለህ፤ ሁለተኛ «እንግዲህ፣ ስለዚህ፣ ነገር ግን፣ -ና፣ -ማ» የሚሉትን እየከበብህ፤ ሦስተኛ የሚደጋገሙ ቃላትን እያሰመርህ። በቆላስይስ «ሁሉ» ምን ያህል እንደሚደጋገም ስታይ ትገረማለህ። ከዚያ ጥቅሱ ያለበትን አንቀጽ ገልብጥ። ሁለት ትርጉሞችን ጎን ለጎን አኑርና የሚለያዩበት ላይ ብቻ ምልክት አድርግ፤ የትርጉም ክርክር ያለው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ማብራሪያ መጽሐፍ የሚከፈተው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ቀድሞ የከፈተ ሰው ከዚያ ወዲያ የሚያነበው የማብራሪያውን ጸሐፊ ነው።

የመጨረሻው ሥራ አንቀጹን በራስህ ቃል በአንድ ዐረፍተ ነገር መጻፍ ነው። እስቲ 2፥6-10ን ጻፈው፤ «ፍልስፍና» የሚለውን ቃል ግን እንዳትጠቀም።

ጠያቂው

ሞከርሁ፦ «የመለኮት ሙላት በክርስቶስ ስላለ፣ እንደ ተቀበላችሁት ኑሩ፤ ሰው ሠራሽ ትምህርትም እንዳያታልላችሁ ተጠንቀቁ።»

የኔታ ብራና

ምክንያቱን መያዝህ ጥሩ ነው። ሁለት ነገር ግን ጥለሃል። የቁጥሩ ባለቤት ትምህርቱ አይደለም፤ «ማንም» ነው። የሚማርከው ሰው ነው፤ ትምህርቱ በእጁ ያለ ገመድ ነው። አንተ ገመዱን ማራኪ አደረግኸው። ሁለተኛ፣ ቁጥር 10 «ተሞልታችኋል» ይላል፤ በቁጥር 9 ካለው «ሙላት» ጋር አንድ ሥር ነው፣ በግሪኩም እንዲሁ። እሱን ካስወጣህ የሚነዳው ሰው ምን ሊሰጣቸው እንደ ቃጣ አይታወቅም።

ጽኑ ዓምድ

«ማንም» የምትለውን እኔም አላየኋትም ነበር። እስራኤል የግብፅን ወርቅ ይዘው እንደ ወጡ ከፈላስፎችም መልካሙን መውሰድ ይቻላል የሚሉትን አውግስጢኖስንና ኦሪጀንን ግን አሁንም በግማሽ ዓይን ነው የማያቸው፤ የወርቁ ጥጃም ከጆሮ ጉትቻ ነው የተሠራው።

የኔታ ብራና

ኦሪጀንም ያንኑ ፈርቶ ጽፏል፤ ከግብፅ ዕቃ ለእግዚአብሔር የሚጠቅም ነገር የሠሩት ጥቂቶች ናቸው ይላል። በዚህ አንጣላም።

ጠያቂው

ደግሜዋለሁ፦ «በክርስቶስ፣ የመለኮት ሙላት ሁሉ ባለበት፣ ተሞልታችኋልና ምንም እንደ ጎደላችሁ እያስመሰለ በሰው ወግ አስሮ የሚነዳችሁ ሰው እንዳይኖር ተጠንቀቁ፤ እንደ ተቀበላችሁት በእርሱ ተመላለሱ።»

የኔታ ብራና

«እንደ ጎደላችሁ እያስመሰለ» የሚለው በቁጥሮቹ ውስጥ የለም፤ ያንተ ግምት ነው። ከቁጥር 16 እና 18 ስለሚደገፍ አትሰርዘው፤ በቅንፍ አስገባው። ቀጥሎ ገላትያ 4፥1-11ን ሥራ፤ ስቶይኬያ እዚያ ሁለት ጊዜ ይመጣል።